አለን ሙር፣ ሦስት ጊዜ ብቻ የለበሰው ማሊያ

ጃንዋሪ 1 ቀን 1906 የፈረንሳይ ብሔራዊ የራግቢ ቡድን በታሪኩ የመጀመሪያውን ይፋዊ ጨዋታ ፓሪስ ውስጥ ፓርክ ዴ ፕሬንስ ላይ አደረገ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ተጋጣሚው ኒውዚላንድ ነበር፤ ዛሬም ዓለም «ኦል ብላክስ» ብሎ የሚፈራው ቡድን። ኒውዚላንዶች በዚያ ወቅት በብሪታንያና በአየርላንድ ከተማ ለከተማ እየዞሩ ያገኙትን ሁሉ ሲያሸንፉ ከርመው፣ የተሸነፉት በዌልስ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ፈረንሳዮቹ ደግሞ ተማሪዎች፣ ነጋዴዎች፣ የቢሮ ሠራተኞች ናቸው፤ በራግቢ ደመወዝ የሚበላ ማንም የለም። ውጤቱ እንደሚጠበቀው 38 ለ 8 ሆነ። ፈረንሳይ ተሸነፈች።

እስቲ ይህን 38 ለ 8 ደግመን እንየው። በዚያው ጉዞ እንግሊዝ ከኒውዚላንድ ጋር ተጫውታ ያስቆጠረችው ዜሮ ነው። አየርላንድም ዜሮ። ስኮትላንድ 7። ያሸነፈችው ዌልስ እንኳ ያገባችው 3 ነጥብ ነው። ያ ገና ትናንት የተሰባሰበ የፈረንሳይ ቡድን 8 ነጥብ አገባ። ከሁለቱ ግቦች አንዱን ያስቆጠረው ዦርዥ ዤሮም ይባላል፤ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ያለችው፣ ያኔ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የነበረችው የጉያና ልጅ ነው፣ ጥቁር ነው። ሌላው የቡድኑ ጥቁር ተጫዋች አንድሬ ቬርዤስ ነበር። ከፊት ከሚገፉት መካከል ደግሞ ፊላዴልፊያ የተወለደ አሜሪካዊ አይሁዳዊ ነበር፤ ስሙ አለን ሙር። የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

ራግቢን ለማታውቁ፦ ኳሷ ክብ ሳትሆን እንቁላል ትመስላለች። በአንድ ቡድን 15 ሰው ይሰለፋል። ኳሷን በእጅ ይዞ መሮጥ ይቻላል፤ በእጅ ማቀበል የሚቻለው ግን ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ብቻ ነው፣ ወደ ፊት አይፈቀድም። ኳሷን ከተጋጣሚ መስመር ጀርባ መሬት ያስነካ ነጥብ ያገኛል፤ ያን ጊዜ 3 ነበር፣ ዛሬ 5 ነው። ሙር የሚጫወተው ከፊት ከሚሰለፉት ከባዶች ጋር ነው። እነሱ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከተጋጣሚ ጋር የሚገፋፉት ናቸው። ጋዜጣ ላይ ስማቸው የሚወጣው ሯጮቹ ናቸው፤ ጆሮው የሚቀጠቀጠው ግን እዚያ መሀል ያለው ሰው ነው።

ሙር በ1882 ነው የተወለደው። ቤተሰቡ በጌጣጌጥና በሰዓት ንግድ የታወቀ፣ ሀብታም ነበር። ወጣት ሳለ ወደ ፓሪስ ሄዶ እዚያው ቀረ። ለመኖር የግድ መሥራት ከማያስፈልጋቸው ሰዎች አንዱ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ወላጆቻችን በእግራቸው ሱዳን ድረስ እንደሄዱት ዓይነት ስደት አይደለም የእሱ። ነገር ግን ገንዘብ ያለው ሰው በፓሪስ ቡና ቤት እየተቀመጠ ዕድሜውን መጨረስም ይችል ነበር። እሱ ራሲንግ ክለብ ደ ፍራንስ ገባና ስፖርት ሥራው ሆነ። ራግቢ ተጫወተ፣ ቴኒስ ተጫወተ፣ ክለብ አደራጀ፣ የሌሎች ቡድኖችን ጉዞ አሰናዳ።

የፈረንሳይ ዜጋ ያልሆነ ሰው እንዴት ለፈረንሳይ ይጫወታል የሚል ይኖራል። ራግቢ በዚህ ነገር ከእግር ኳስ ይለያል፤ ዛሬም ቢሆን ፓስፖርት ሳይሆን የትውልድ ቦታን፣ የወላጅንና የአያትን ዘር፣ ወይም በአገሩ የኖሩበትን ጊዜ ነው የሚጠይቀው። በ1906 ጥያቄው ከዚህም ይቀላል፦ እዚህ ትኖራለህ? እዚህ ትጫወታለህ? በቃ፣ ና። አንድ የጉያና ልጅና አንድ የፊላዴልፊያ ልጅ በመጀመሪያው ቀን በመጀመሪያው ቡድን ውስጥ የተገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ያነበበ ሰው «ጥሩ አገር ነበረች እንዴ!» ይል ይሆናል። እዚህ ላይ ግን ቆም ብለን በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ምን ይካሄድ እንደነበር ማስታወስ አለብን። ሁላችንም ታሪክ ስንማር፣ ለባግሩትም ስንዘጋጅ፣ የድሬይፉስን ነገር አንብበናል። አልፍሬድ ድሬይፉስ፣ አይሁዳዊ የጦር መኮንን፣ ለጀርመን ሰልሏል ተብሎ በ1894 በሐሰት ተፈረደበት። ጃንዋሪ 1895 በወታደሮች ፊት ማዕረጉን ከትከሻው ቀደዱት፣ ሰይፉን ሰበሩት። ከዚያ የሰይጣን ደሴት ወደምትባል ቦታ ተጋዘ። ይቺ ደሴት የት ናት? ጉያና ባሕር ዳርቻ ላይ ናት። ዦርዥ ዤሮም በመጣበት አገር ማለት ነው። ከ1895 እስከ 1899 ድሬይፉስ እዚያ ታስሮ ነበር። በ1899 ተመልሶ እንደገና ተፈረደበት፣ ቀጥሎ ምሕረት ተደረገለት። ፍርድ ቤት «ይህ ሰው ምንም ጥፋት የለበትም» ብሎ ስሙን ሙሉ በሙሉ ያነጻው ግን በጁላይ 1906 ነው።

አሁን ቀኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሙር የፈረንሳይን ማሊያ የለበሰው በጃንዋሪ 1906 ነው። ስለዚህ አንድ አይሁዳዊ ለፈረንሳይ ሲገፋና ሲወድቅ፣ ሌላው አይሁዳዊ በፈረንሳይ ሕግ ፊት ገና ከዳተኛ ነበር። በሁለቱ መካከል ስድስት ወር አለ።

ስፖርቱ ራሱ ከዚህ ጣጣ ውጭ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ትልቁ የስፖርት ጋዜጣ «ለ ቬሎ» ይባል ነበር፤ አዘጋጁ ድሬይፉስ ንጹሕ ነው ከሚሉት ወገን ነው። ማስታወቂያ የሚሰጡት ባለ ፋብሪካዎች ደግሞ ብዙዎቹ የተቃራኒው ወገን ነበሩ። ከእነሱ አንዱ፣ መኪና ሠሪው ኮንት ደ ዲዮን፣ በ1899 የፈረስ እሽቅድምድም ቦታ ላይ በፕሬዚዳንቱ ላይ በተነሳው ረብሻ ተይዞ ታስሯል። ጋዜጣው ሲወቅሳቸው ገንዘባቸውን ይዘው ወጡና በ1900 የራሳቸውን ጋዜጣ አቋቋሙ፤ ስሙ በኋላ «ሎቶ» ሆነ። አንባቢ ለመሳብ በ1903 የጀመሩት የብስክሌት ውድድር ዛሬ ሁላችሁም የምታውቁት ቱር ደ ፍራንስ ነው። የጋዜጣው አለቃ አንሪ ዴግራንዥ የፓርክ ዴ ፕሬንስንም ሜዳ የሚያስተዳድረው እሱ ነበር። ሙር ኒውዚላንድን የገጠመው የዚህ ሰው ሜዳ ላይ ነው። ዴግራንዥ በ1910 ሌላ የብስክሌት መወዳደሪያ ከፈተ፤ ጣሪያ ያለው፣ የክረምት ቬሎድሮም የሚባል። ፓሪሶች አሳጥረው «ቬል ዲቭ» ይሉታል። ይህን ስም ያዙት፣ እመለስበታለሁ።

ለሙር የቡድን ጓደኞቹ ስም አወጡለት። «ለ ሲዩ» አሉት፤ ሲዩ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ነው። ከአሜሪካ ስለመጣ፣ ደግሞም የአፍንጫውና የፊቱ ቅርጽ ያንን ያስታውሳል ብለው ነው። በፍቅር ነበር የሚሉት፣ ጋዜጦችም ተቀበሉት። እኔ ይህን ሳነብ ትንሽ ቆረጠኝ። የቅጽል ስም ነገር እኛ ቤት የታወቀ ነው። ወላጆቻችን ከአውሮፕላን ወርደው ገና ውሃ ሳይጠጡ ስማቸው በወረቀት ላይ ተቀይሮላቸዋል፣ አባባ «ይህ ስም ለእነሱ አፍ አይመችም» እያለ ይስቅበታል። ቅጽል ስም በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይላል፦ አንተ የእኛ ነህ፣ ግን እንደ እኛ አይደለህም። ሙር በስሙ የተከፋበትን ቦታ አላነበብኩም፤ ሰውየው ቀልድ ይወድ ነበር።

ሙር ለፈረንሳይ የተጫወተው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው ያ የኒውዚላንድ ጨዋታ ነው። ሁለተኛው በማርች 1906 እዚያው ፓርክ ዴ ፕሬንስ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ሲሆን 35 ለ 8 ተሸነፉ፤ ሙር ግን አንድ ግብ አስቆጠረ። ሦስተኛው በጃንዋሪ 1907 እንግሊዝ ምድር ሪችመንድ ላይ፣ 41 ለ 13፣ አሁንም ሽንፈት። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት። ፈረንሳይ በዓለም አቀፍ ጨዋታ ስኮትላንድን 16 ለ 15 ረትታ የመጀመሪያ ትልቅ ድሏን ያገኘችው በጃንዋሪ 1911 ነው፣ ያኔ ሙር ከሜዳ ወጥቷል። (የዚያ ቀን ነገር ያስቃል። እንደሚተረከው ቫሬይ የሚባለው ተጫዋች ወደ ፓሪስ ሲመጣ ባቡሩ ሲቆም ሳንድዊች ሊገዛ ወርዶ ባቡሩ ጥሎት ሄደ፣ ተጠባባቂ በቦታው ገባ። ታሪካዊውን ድል በሳንድዊች አጣው።)

ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው «ታዲያ ምኑ ነው የሚጻፍለት?» ሊል ይችላል። የእኔ መልስ የሙር ትልቁ ሥራ ማሊያውን ካወለቀ በኋላ ነው የሚል ነው። ስለ ስፖርተኛ ስናወራ ግብ ያገባውን ብቻ እናወራለን። ሜዳውን የሚከራይ፣ ባቡሩን የሚይዝ፣ ለሌላ አገር ቡድን ደብዳቤ የሚጽፍ፣ በሁለት ቋንቋ መሀል ቆሞ የሚያስማማ ሰው አይነሳም። ሙር እንግሊዝኛ ከቤቱ፣ ፈረንሳይኛ ከኑሮው አለው። ፈረንሳይ ያን ጊዜ ከእንግሊዞችና ከአሜሪካኖች ስፖርት እየተማረች ነበር፣ ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው እጅግ ያስፈልጋት ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ለእናቱ ባንክና ኩፓት ሆሊም ሲያስተረጉም ያደገ የእኛ ልጅ ይህን ሥራ ያውቀዋል። ደመወዝ የለውም፣ ያለ እሱ ግን ምንም አይሆንም።

በ1914 ጦርነት መጣ። አሜሪካ የገባችው በ1917 ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ፈረንሳይ ውስጥ ያሉ አሜሪካውያን በፈቃደኝነት የአምቡላንስ ክፍሎች አቋቁመው ነበር። ትንንሽ ፎርድ መኪናዎች ቁስለኛ ጭነው፣ ሌሊት መብራት አጥፍተው፣ በመድፍ በተቦዳደሰ መንገድ ይመላለሳሉ። ሙር ከእነዚህ ክፍሎች አንዱን መራ። ግዴታ አልነበረበትም። የዚያን ዘመን የራግቢ ሰዎች በዚህ ጦርነት ክፉኛ ተጎዱ፤ ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን የተጫወቱ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ1906ቱ ጨዋታ የኒውዚላንድ አምበል የነበረው ዴቭ ጋላኸርም በኦክቶበር 1917 ቤልጅየም ውስጥ ተገደለ።

ከጦርነቱ በኋላ ሙር ወደ ቴኒስ ዞረ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የፈረንሳይ የዴቪስ ካፕ ቡድን አምበል ሆነ፤ ይህ አምበል ራኬት ይዞ የሚጫወት ሳይሆን ቡድኑን የሚመርጥና የሚመራ ነው። በእነዚያ ዓመታት ወጣቶቹ ዣን ቦሮትራ፣ አንሪ ኮሼ እና ሬኔ ላኮስት ወደ ቡድኑ መጡ። (አዎ፣ አዞ ያለበት ካናቴራ የእሱ ነው።) ከዣክ ብሩኞን ጋር አራት ሆነው «ሙስኬተሮቹ» ተባሉ። በ1927 ዋንጫውን ከአሜሪካ ወሰዱ፣ እስከ 1932ም አላስነኩም። የ1927ቱ ግጥሚያ የተደረገው የት ነው ብትሉ ፊላዴልፊያ ነው፣ ሙር በተወለደበት ከተማ።

በ1924 ኦሎምፒክ ፓሪስ ላይ ሲዘጋጅ ሙር ከአዘጋጆቹ ጋር ሠራ። 44 አገሮች መጡ። ራግቢም ነበረበት፤ ቡድኖቹ ግን ሦስት ብቻ ናቸው፣ ፈረንሳይ፣ አሜሪካና ሩማንያ። ሜይ 18 ኮሎምብ በሚባለው ስታዲየም ፈረንሳይና አሜሪካ ለወርቅ ተገናኙ። አሜሪካኖቹ ብዙዎቹ የካሊፎርኒያ ተማሪዎችና የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው፣ አንዳንዶቹ ራግቢ የተማሩት በቅርቡ ነው፣ ማንም ያሸንፋሉ ብሎ አልጠበቀም። 17 ለ 3 አሸነፉ። ሕዝቡ አበደ፣ በመቀመጫው ላይ ድብድብ ተነሳ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር በፉጨትና በጩኸት ሸፈነው። በሁለቱም አገር አንድ አንድ እግር ላለው ሰው ቀላል ከሰዓት አይመስለኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ራግቢ ከኦሎምፒክ ወጣ፤ የተመለሰው በ2016 ነው፣ ያውም በሰባት ተጫዋች።

እስከዚህ ድረስ ቢሆን ኖሮ የሙር ታሪክ ደስ የሚል የስፖርት ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር።

በ1940 ጀርመን ፈረንሳይን ያዘች። በደቡብ በኩል ቪሺ ከተማ ላይ የተቀመጠው የፈረንሳይ መንግሥት ከናዚዎች ጋር ተባበረ፤ በኦክቶበር 1940 ደግሞ ማንም ሳያስገድደው አይሁዶችን ከመንግሥት ሥራ፣ ከመምህርነትና ከጋዜጣ የሚያባርር ሕግ አወጣ። ይህ መንግሥት ስፖርትን በጣም ይወድ ነበር፣ ለወጣቱ ማነጫ ነው ይል ነበር። ለስፖርትም ኃላፊ ሾመ። ማን መሰላችሁ? ዣን ቦሮትራ። ያ ሙር የሚመራው ቡድን ውስጥ ያደገው ሙስኬተር። ቦሮትራ እስከ 1942 ሠራ፣ በኋላ ራሱ ከጀርመኖች ጋር ተጣልቶ ታሰረ፣ ጀርመን አገር ተጋዘ፤ የእሱ ታሪክ የተደበላለቀ ነው። በቦታው የተተካው ዤፕ ፓስኮ የሚባል ሰው ነው። ፓስኮ በ1920ዎቹ ለፈረንሳይ የተጫወተ የራግቢ ተጫዋች ነበር። የለበሰው ማሊያ ሙር የለበሰው ነው። በእሱ ዘመን አይሁድ ስፖርተኞች ከውድድር ተገፉ። አልጄሪያ የተወለደው አይሁዳዊ ዋናተኛ አልፍሬድ ናካሽ፣ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው፣ በ1943 እንዳይወዳደር ተከለከለ፤ በ1944 መጀመሪያ ወደ አውሽቪትዝ ተጫነ። ሚስቱና ትንሿ ልጁ እዚያ ሞቱ፤ እሱ ተረፈና በ1948 ለንደን ኦሎምፒክ እንደገና ውሃ ገባ።

ስለ ቬል ዲቭ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ጁላይ 16 እና 17 ቀን 1942 የፈረንሳይ ፖሊስ፣ ጀርመን ሳይሆን ፈረንሳይ ፖሊስ፣ ፓሪስና አካባቢዋ ቤት ለቤት እየዞረ 13,152 አይሁዶችን ያዘ። ከ4,000 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ልጅ ያላቸውን ቤተሰቦች ወደ ቬል ዲቭ ወሰዷቸው፤ ብስክሌት የሚታይበት፣ ቦክስ የሚታይበት፣ ሰው ቲኬት ገዝቶ እየሳቀ የሚገባበት ቦታ። በሐምሌ ሙቀት፣ ጣሪያው ተዘግቶ፣ ውሃ በሌለበት፣ ለቀናት ቆዩ። ከዚያ በካምፕ በኩል ወደ አውሽቪትዝ ተላኩ። ከልጆቹ የተመለሰ የለም ማለት ይቻላል። ይህን ስጽፍ ስታዲየም ስለሚባለው ነገር ያለኝ ሐሳብ ይቀየርብኛል። በር ያለው፣ አጥር ያለው፣ ብዙ ሰው የሚይዝ ሕንፃ ነው፤ ለምን እንደሚውል የሚወስነው ቁልፉን የያዘው ነው። ሕንፃው በ1959 ፈረሰ። የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት «ይህን ያደረገችው ፈረንሳይ ናት» ብሎ በይፋ የተናገረው በ1995 ነው፣ ከ53 ዓመት በኋላ።

ሙር በዚህ ጊዜ ስልሳ ዓመት ሞልቶታል። የአሜሪካ ዜጋ ስለሆነ አሜሪካ ጦርነት ውስጥ እስክትገባ ድረስ፣ ማለትም እስከ ዲሴምበር 1941፣ ሕጋዊ የመውጫ መንገድ ነበረው። አልወጣም። አሜሪካ ስትገባ ደግሞ ፓስፖርቱ ራሱ ወንጀል ሆነ፤ ጀርመኖች አሜሪካውያን ወንዶችን እየያዙ ኮምፒዬኝ ካምፕ ያስገቡ ጀመር። ስለዚህ ሙር ሁለት ጊዜ ተፈላጊ ሆነ ማለት ነው፣ እንደ አሜሪካዊም እንደ አይሁዳዊም። በፈረንሳይ መሀል አገር፣ ክሌርሞን ፌራን አጠገብ፣ ሳያ በምትባል መንደር ተደበቀ። ተራራማ አገር ነው፣ ተቃዋሚ አርበኞች የሚንቀሳቀሱበት። በኖቬምበር 1943 እዚያው ተያዘ። ወደ ኮምፒዬኝ፣ ከዚያ በ1944 ሐምቡርግ አጠገብ ወዳለው ኖየንጋመ ካምፕ ተላከ።

በትምህርት ቤት ስለ ሾዓ ስንማር አውሽቪትዝን፣ ትሬብሊንካን፣ ዳኻውን እንሰማለን፤ ኖየንጋመን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ጋዝ ያለበት የመግደያ ካምፕ ሆኖ አልተሠራም። የሥራ ካምፕ ነበር፣ ሰው በሥራ የሚያልቅበት። እስረኞቹ ለሐምቡርግ ሕንፃዎች ጡብ ይሠራሉ፣ ሸክላ አፈር ይቆፍራሉ፣ ጡቡን በጀልባ ለማውጣት የወንዝ ቦይ ያስፋፋሉ፤ በኋላ የጦር መሣሪያ ፋብሪካም ተጨመረ። ከ80 በላይ ቅርንጫፍ ካምፖች ነበሩት። በጠቅላላው ከ100,000 በላይ ሰዎች ገቡበት፤ ቢያንስ 42,900 ሞቱ። ከፈረንሳይ የመጡት በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው፣ አብዛኞቹ የፖለቲካ እስረኞች። አለን ሙር እዚያ ዲሴምበር 29 ቀን 1944 ሞተ። 62 ዓመቱ ነበር። እንግሊዞች ካምፑ ሲደርሱ ሜይ 1945 ነበር፣ ከአራት ወር በኋላ፤ ያኔ ናዚዎቹ ካምፑን ባዶ አድርገውት ነበር።

ይህን ታሪክ ለእኛ መጽሔት የመረጥኩት ማሊያ እኛ ቤት ትልቅ ነገር ስለሆነ ነው። በ2023 ማሩ ተፈሪ ቡዳፔስት ላይ በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ብር ሲያገኝ የስንቱ ሳሎን እልል እንዳለ ታውቃላችሁ። ኤሊ ዳሳ የንቭሔረቱን የአምበል ጨርቅ ክንዱ ላይ ሲያስር እናቶቻችን እግር ኳስ ሳይገባቸው ቁጭ ብለው ያያሉ። ደስታው እውነተኛ ነው፣ አልቀንሰውም። ወላጆች ግን ልጃቸውን ወደ ልምምድ ሲልኩ ብዙ ጊዜ ሌላ ተስፋም አብረው ይልካሉ፦ «ልጄ ይህን ማሊያ ከለበሰ ከእንግዲህ ማንም ከየት መጣህ አይለውም።» ሙር ለብሶታል። ለፈረንሳይ ግብ አግብቷል፣ ቁስለኞቿን ተሸክሟል፣ ኦሎምፒክዋን አደራጅቷል። ፓስኮም ለብሶታል። ማሊያው አንዱን አላዳነም፣ ሌላውን ሰው አላደረገም። ጨርቁ እንደ ሆነ ለሁለቱም አንድ ነው።

ስለዚህ ከሙር ሕይወት እኔ የምወስደው ሦስቱን ጨዋታ አይደለም። አምቡላንሱን ነው፣ ደብዳቤዎቹን ነው፣ በሁለት ቋንቋ መሀል የቆመበትን ነው። እነዚህን ማንም መራጭ አልሰጠውም፣ ስለዚህ መራጭ ሊነጥቀው የሚችለው ነገር አልነበረም። በመጀመሪያው ቡድን ውስጥ የነበሩትም፣ ዤሮምና ቬርዤስ፣ ለረጅም ጊዜ ከታሪኩ ተዘንግተው ነበር፤ ስለ ፈረንሳይ ራግቢ ጥቁር ተጫዋቾች ሲወራ ሰው ከቅርብ ጊዜ ነው የሚጀምረው። እውነቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ነበሩ፣ ከሁለቱ ግቦችም አንዱ የዤሮም ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሐምቡርግ ከተማ በኖየንጋመ ካምፕ ቦታ ላይ ምን ሠራች? እስር ቤት። አንዳንዶቹን የካምፑን ሕንፃዎች እንዳሉ ተጠቀመችባቸው። የተረፉት ሰዎች የጓደኞቻቸውን ቦታ ሊጎበኙ ሲመጡ የወኅኒ ቤት አጥር ይገጥማቸው ነበር። ለዓመታት አቤት አሉ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ እያረጁ መጡ። ያ እስር ቤት የተዘጋው በ2003 ነው። በ2005 ቦታው ሰፊ የመታሰቢያ ስፍራ ሆኖ ተከፈተ፤ የጡብ ፋብሪካው ቆሟል፣ የእስረኞቹ ቤቶች የነበሩበት ቦታ በድንጋይ ክምር ተለይቶ ይታያል። የሟቾቹ ስም በረጃጅም ጨርቆች ላይ፣ በሞቱበት ቀን ተራ ተጽፎ ተሰቅሏል።